ምዕራፍ 7፦ መንገድ የሚችል የዶሮ ሰላጣ

ሽርሽር ላይ የተበላ የዶሮ ሰላጣ ሆድ ሲያሳምም መጀመሪያ የሚከሰሰው ማዮኔዙ ነው። «ማዮኔዝ ፀሐይ አይችልም» ይባላል፤ ብዙ ቤት ውስጥም ለመንገድ ሲሰነቅ ማዮኔዝ የነካው ነገር ሁሉ ይቀራል። ክሱ ግን ያለ ቦታው ነው። ከሱቅ የሚገዛ ማዮኔዝ በአቼቶ ወይም በሎሚ የኮመጠጠ ነው። የአሲድነቱ መጠን በፒኤች ሲለካ አብዛኛውን ጊዜ 4 አካባቢ ነው፤ እንቁላሉም ጀርም እንዲሞትበት አስቀድሞ በሙቀት ታክሟል። እንዲህ ባለ ኮምጣጣ ነገር ውስጥ ሳልሞኔላን የመሰሉ ባክቴሪያዎች መራባት አይችሉም፤ ቀስ በቀስም ይሞታሉ። በጥሬ እንቁላል ቤት ውስጥ የሚመታው ማዮኔዝ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱ ለመንገድ አይሆንም። የተቀረው ጥፋት የሚገኘው ዶሮው ላይ፣ ዶሮውን በነካው እጅ ላይ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በሙቀቱና በሰዓቱ ላይ ነው።

ምግብ መንገድ እንዲችል የሚደረገው በጥቂት ዘዴዎች ነው። አንደኛው ውኃውን ማስወገድ ነው፤ የአገራችን ስንቅ ከሞላ ጎደል በዚህ ላይ የቆመ ነው። በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ቋንታ ሁሉም ደረቅ ናቸው። ጭኮም ቢሆን ቅቤ እንጂ ውኃ የለበትም። ባክቴሪያ ያለ ውኃ አይራባም፤ ለዚህ ነው ጭኮ በአገልግል ተይዞ ቀናት የሚያስኬድ መንገድ የሚችለው። ሁለተኛው ማኮምጠጥ ነው፤ ሦስተኛው ማቀዝቀዝ። የዶሮ ሰላጣ ለመጀመሪያው አይመችም፤ ከደረቀ ሰላጣነቱ ይቀራል። ኮምጣጣነቱም ቢሆን በቂ አይደለም። ማዮኔዙ ራሱን ይጠብቃል እንጂ ብዙ ዶሮ ሲቀላቀልበት አሲዱ ይበረዛል፤ የተቀቀለ ሥጋ ፒኤቹ 6 አካባቢ ስለሆነ ያሸንፈዋል። የሚቀረው ቅዝቃዜ ብቻ ነው። እንግዲህ የዶሮ ሰላጣ ይዞ የሚወጣ ሰው ከምግቡ ጋር ቅዝቃዜውንም መሰነቅ አለበት። ከዚህ በታች የማነሳው ሁሉ፣ የአቀቃቀሉም ሆነ የአስተሻሸጉ ነገር፣ ከዚሁ የሚመነጭ ነው።

ዶሮ የመንገደኛ ምግብ የሆነው ዛሬ አይደለም። በአሜሪካ የዘር መድልዎ ሕግ በነበረበት ዘመን ጥቁር አሜሪካውያን ረጅም መንገድ ሲሄዱ ብዙ ምግብ ቤት አያስተናግዳቸውም ነበር፤ ስለዚህ የተጠበሰ ዶሮ፣ የተቀቀለ እንቁላልና ኬክ በጫማ ካርቶን ቋጥረው ይጓዙ ነበር። ቪክቶር ሁጎ ግሪን የተባለው የኒውዮርክ ፖስታ አመላላሽ እ.ኤ.አ. በ1936 ማተም የጀመረው የመንገደኞች መመሪያም የወጣው ለዚሁ ችግር ነው፤ ጥቁር ተጓዥ የት ቢያርፍ፣ የት ቢበላ እንደማይመለስ ይጠቁም ነበር። በእንግሊዝ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1953 ለንግሥት ኤልሳቤጥ ሁለተኛዋ ንግሥ በዓል ሮዝመሪ ሂዩም እና ኮንስታንስ ስፕራይ የቀዘቀዘ ዶሮ በማዮኔዝ፣ በካሪ ዱቄትና በተፈጨ አፕሪኮት ለውሰው አቀረቡ። የንግሥ ዶሮ ተብሎ እስከ ዛሬ ይበላል። ያ ምግብ የተመረጠበት አንዱ ምክንያት ቀደም ብሎ ተዘጋጅቶ፣ ቀዝቅዞ፣ ለብዙ እንግዳ በአንድ ጊዜ መቅረብ መቻሉ ነው። የቤተ መንግሥት ግብዣም ይሁን የላንጋኖ ሽርሽር፣ የሚፈለገው ያው ነው፦ ዛሬ ተሠርቶ ነገ የሚበላ።

ቁጥሩን አንዴ መያዝ ያስፈልጋል። ምግብን የሚያበላሹና ሰውን የሚያሳምሙ ባክቴሪያዎች በፍጥነት የሚራቡት ከ4 እስከ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ሙቀት ውስጥ ነው። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር የሚሰጠው ምክር በዚህ መካከል የቆየ የተሠራ ምግብ ከ2 ሰዓት በላይ እንዳይበላ ነው፤ አየሩ ከ32 ዲግሪ ካለፈ ደግሞ ከ1 ሰዓት በላይ። በሪያድና በዱባይ በጋ ይህ ማለት ከቤት እስከ መናፈሻው ለመድረስ ብቻ የሚበቃ ጊዜ ነው። ሰዓቱ እንዲህ የጠበበው ለምንድን ነው? ሁኔታው የተመቸው ባክቴሪያ በየ20 ደቂቃው እጥፍ ሊሆን ስለሚችል ነው። አንዷ በ2 ሰዓት 64 ትሆናለች፤ በ4 ሰዓት 4,096፤ በ6 ሰዓት ደግሞ 262,144። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ከፍሪጅ የወጣና ምሳ ላይ የተከፈተ ሳህን ሲታይ ምንም አይመስልም፤ ሽታውም ጣዕሙም አይለወጥም። ማሽተት እዚህ ላይ አይረዳም።

ከእነዚህ ውስጥ ስታፊሎኮከስ የሚባለው ለዶሮ ሰላጣ የተለየ ጠላት ነው። በጤነኛ ሰው አፍንጫና ቆዳ ላይ ይኖራል፤ ሥጋው ከተቀቀለ በኋላ በእጅ ሲበታተን ይገባል። ሲራባ የሚተወው መርዝ በማፍላት አይጠፋም። ስለዚህ በሙቀት የዋለን ሥጋ መልሶ መቀቀል ወይም መጥበስ አያድነውም።

ወደ ኩሽና ስንገባ ቀድሞ የሚገጥመን የአስተጣጠብ ጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ። እኛ ዘንድ ዶሮን በሎሚና በጨው ደጋግሞ፣ ውኃው ኩልል እስኪል ማጠብ የባለሙያ ሴት መለያ ነው። ቤት ታርዶ፣ በፈላ ውኃ ተነክሮ፣ ላባው ለተነጨ ዶሮ ይህ ሙያ ቦታ አለው፤ የቀረ ላባና ደም መውጣት አለበት። ከሱፐርማርኬት ተገፎና ተቆራርጦ ለተገዛ ደረት ግን የሚጨምርለት ነገር የለም። ጥሬ ዶሮ ላይ ያለውን ካምፒሎባክተርና ሳልሞኔላ የሚገድለው ሙቀት ነው፤ ሎሚው ላይ ላዩን ነክቶ ያልፋል። ከቧንቧ የሚወርደው ውኃ ደግሞ ጀርሙን ይዞ ሲንኩ ላይ፣ መክተፊያው ላይ፣ አጠገቡ የተቀመጠው ካሮት ላይ ይረጨዋል። ለወጥ ቢሆን ሁሉም ስለሚበስል ጉዳቱ ይቀንስ ነበር። ሰላጣ ውስጥ ግን አትክልቱ የሚገባው በጥሬው ነው። ስለዚህ አትክልቱን አስቀድማችሁ ከትፋችሁ፣ ከድናችሁ ፍሪጅ አስገቡ፤ ከዚያ በኋላ ነው ጥሬው ዶሮ የሚወጣው። ሳያጥብ ልቡ የማያርፍ ሰው ካለ በሚፈስ ውኃ ሳይሆን ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ በረጋ ውኃ ያርገው፤ ሲጨርስም ሲንኩን በሳሙና፣ ቀጥሎም በረኪና በገባበት ውኃ ያጽዳ።

ለ4 ሰው 700 ግራም ያህል አጥንት የሌለው ዶሮ ይበቃል፤ ሲቀቀል ውኃው ወጥቶ ወደ 500 ግራም ይጠጋል። ደረት የለመደ ደረት ይውሰድ፤ እኔ ግን ለመንገድ ታፋን እመርጣለሁ፤ ስብ ስላለው በረዶ ላይ አድሮም አይደርቅም። የሐበሻ ዶሮ ጣዕሙ ወደር የለውም፤ ሥጋው ግን ጠንካራ ስለሆነ ረዘም ላለ ጊዜ በለዘብታ መቀቀል ይፈልጋል፤ መረቁ ደግሞ ለሌላ ቀን ሾርባ ይሆናል። ሥጋው በቀዝቃዛ ውኃ ተሸፍኖ፣ በጨው፣ ለሁለት በተከፈለ ሽንኩርት፣ በዝንጅብልና በአንድ ሁለት ኮረሪማ ይጣድ። ትንንሽ አረፋ ማውጣት ሲጀምር እሳቱ ይቀነስ። ሲንተከተክ የተቀቀለ ዶሮ ሥጋው ተኮማትሮ ውኃውን ስለሚጨምቅ ቀዝቅዞ ሲበላ ገመድ ገመድ ይላል። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ በመሆኑ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ይህ ግን አያሳስብም፤ ዶሮ ለመብሰል የሚፈልገው በወፍራሙ ቦታ 74 ዲግሪ መድረስ ብቻ ነው። ደረት ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይፈጅበታል፤ ወፍራሙ ይበልጣል። የሥጋ ቴርሞሜትር ውድ ዕቃ አይደለም፤ ዶሮ አዘውትሮ የሚያበስል ቤት ቢኖረው መልካም ነው።

ሥጋው ሲወጣ እፍ እያሉ በጣት ከመዘልዘል ሁለት ሹካ ይያዝ። አንዱ ሹካ ሥጋውን ይጫናል፣ ሌላው በጭረቱ አቅጣጫ ይጎትታል። በደንብ የተቀቀለ ታፋ ያለ ትግል ይላቀቃል፤ እያንዳንዱ ዘለላ ላይ ጠብታ ጠብታ ፈሳሽ ይታያል፤ እንፋሎቱ ከትሪው ላይ እየተነሳ ዘለላዎቹ ከላይ ደብዘዝ ማለት ይጀምራሉ። ያ እንፋሎት ሰላጣውን ሊያጨቀይ የነበረ ውኃ ነው፤ መውጣት አለበት። ለዚህ ነው ሥጋው ተቆልሎ ሳይሆን ሰፊ ትሪ ላይ ስስ ሆኖ፣ ከ5 ሳንቲሜትር ባልበለጠ ውፍረት የሚዘረጋው። እንፋሎቱ እንደቆመ ሳይከደን ወደ ፍሪጅ ይገባል። «ትኩስ ነገር ፍሪጅ ያበላሻል» የሚለውን ፈርቶ ሥጋውን ጠረጴዛ ላይ ማሳደር ከሁሉ የከፋው ነገር ነው። ድስት ሙሉ የፈላ ወጥ ፍሪጁን ያስጨንቀው ይሆናል፤ ስስ ሆኖ የተዘረጋ ግማሽ ኪሎ ሥጋ ግን አያስጨንቀውም። ሌሊት መብራት ቢጠፋ የፍሪጁን በር አለመክፈት ነው፤ ሳይከፈት የቆየ ፍሪጅ ቅዝቃዜውን 4 ሰዓት ያህል ይይዛል። ከዚያ በላይ ጠፍቶ ካደረ የሚወሰደው ሌላ ስንቅ ነው።

ዶሮው ሙሉ በሙሉ ሳይቀዘቅዝ ማዮኔዝ አይነካውም። ለብ ያለ ሥጋ ላይ ዘይቱ ከኮምጣጣው ተለያይቶ ሳህኑ ግርጌ ይጠራቀማል። መጠኑም ከቤት ሰላጣ ቀለል ማለት አለበት፦ ለ500 ግራም ሥጋ 6 የሾርባ ማንኪያ ማዮኔዝ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ፣ 1 የሻይ ማንኪያ ሰናፍጭ፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ጨው። ሰናፍጩ ከውጭ ከሚመጣው የጠርሙስ ሰናፍጭ ይልቅ የእኛው፣ አፍንጫ የሚሰነፍጠው ቢሆን ይሻላል፤ ቀዝቃዛ ምግብ ምላስ ላይ ስለሚደበዝዝ የሚያነቃው ነገር ይፈልጋል። በዚሁ ምክንያት ጨውም ቤት ከሚበላው ትንሽ ጠንከር ይበል። ከማዮኔዙ ግማሹን በተጨመቀ እርጎ የሚተኩ አሉ፤ እርጎው በንጹሕ ጨርቅ ውኃው እስኪንጠፈጠፍ ካደረ ጥሩ ነው። እስራኤል ያሉ የኮሸርን ሥርዓት የሚጠብቁ ወገኖቻችን ግን ዶሮና ወተት ስለማያቀላቅሉ እርጎው አይሆናቸውም፤ ማዮኔዝ ወተት ስለሌለበት ለእነሱ ሙሉውን ያገለግላል።

አትክልት ሲመረጥ ጥያቄው አንድ ነው፦ ምን ያህል ውኃ ይለቃል? ጨው የተክሉን ውኃ ወደ ውጭ ይስባል፤ ማዮኔዙ ውስጥ ያለው ጨውም ሌሊቱን ሙሉ ይህንኑ ሥራ ይሠራል። ቲማቲም ከቤት አይውጣ፤ ከወጣም ሳይቆረጥ በሙሉነቱ ተይዞ እዚያው ይቆረጥ። ኪያር ፍሬው ካልወጣለት ጠዋት ላይ ሳህኑን ኩሬ ያደርገዋል። ሴለሪ፣ ካሮት፣ ጥቅል ጎመን ይችላሉ። ጎመኑ በስሱ ተከትፎ፣ ጨው ተነስንሶበት ሩብ ሰዓት ከቆየ በኋላ በእጅ ሲጨመቅ የሚወርደው ውኃ ብዛት ያስገርማል፤ ያ ሁሉ ሰላጣው ውስጥ ሊገባ ነበር። ቀይ ሽንኩርት ለረጅም ሰዓት ሲቆይ ሽታው ስለሚበረታ በቀዝቃዛ ውኃ ታጥቦ፣ ተንጠፍጥፎ ይግባ። ኦቾሎኒ የሚወድ ለብቻው ይዞ ሲበላ ይነስንስበት፤ ከተቀላቀለ በሰዓታት ውስጥ ይልማል። አቮካዶን እዚያው ቆርጦ መጨመር ነው።

ዳቦውም ለብቻው ይሂድ። ሰላጣው ውስጡ ተጨምሮ ያደረ ሳንዱች የሚጣፍጥ አይሆንም። ግድ ከሆነ የዳቦው ውስጥ እስከ ዳር ድረስ በቅቤ ይቀባ፤ ስቡ እርጥበቱን ያግዳል። አምባሻ ከሳንዱች ዳቦ ይልቅ ጠንከር ስለሚል ለዚህ ጥሩ ነው። እንጀራ ግን ቶሎ ስለሚጨቀይ እኔ አልመክረውም።

ቅዝቃዜውን የሚይዘው አይስ ቦክስ ሙቀት እንዳይገባ ይከላከላል እንጂ በራሱ አያቀዘቅዝም። ለብ ያለ ነገር ከገባበት ለብ ያለውን ይጠብቃል። ስለዚህ ሰላጣው፣ መጠጡ፣ የሚቻል ከሆነም ሳጥኑ ራሱ ሌሊቱን ሲቀዘቅዙ ያድራሉ። ለበረዶ ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ውኃ ተሞልቶ ፍሪዘር ውስጥ ይደር፤ ውኃ ሲረጋ በ9 በመቶ ያህል ስለሚጨምር አናቱ ላይ ክፍት ቦታ ይተውለት። የአንድ ኪሎ በረዶ ኃይል ቀላል አይደለም። 0 ዲግሪ ላይ ያለ ኪሎ በረዶ ቀልጦ እስኪያልቅ የሚወስደው ሙቀት ያንኑ ኪሎ ውኃ ከ0 ወደ 80 ዲግሪ የሚያደርስ ነው። በረዶው ቀልጦ እስካላለቀ ድረስ የጠርሙሱ ሙቀት ከ0 ብዙ አይርቅም። ቀዝቃዛ አየር ወደ ታች ስለሚወርድ ጠርሙሶቹ ከሥር ብቻ ሳይሆን ከላይም ይሁኑ፤ ባዶ ቦታ ደግሞ በፎጣ ይሞላ። ልጆች ሲርባቸው ባይሆን ሲሰለቻቸው መክፈት ይወዳሉ፤ መጠጡ ሌላ ሳጥን ቢኖረው ምግቡ ያለበት ሳይከፈት ይደርሳል። ሳጥኑ ከመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ይልቅ ሰው የሚቀመጥበት ውስጥ፣ ጥላ ባለበት ይሁን። ለአንድና ለሁለት ሰው አፈ ሰፊ የምግብ ቴርሞስ ይበቃል፤ በረዶ በገባበት ውኃ ለ10 ደቂቃ ቀዝቅዞ፣ ተደፍቶ፣ ወዲያው ይሞላ።

አውሮፕላን ሌላ ሕግ አለው። እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በብዙ አገር የፍተሻ ጣቢያ ፈሳሽና ለስላሳ ቅባት ነክ ነገር በእጅ ሻንጣ ከ100 ሚሊሊትር በላይ አያልፍም፤ ማዮኔዝ ከዚህ ወገን ነው። በብዛት የተለወሰ ሰላጣ ፈታሹ ከቅባት ሊቆጥረው ስለሚችል ዶሮውን ደረቁን፣ ማዮኔዙን በትንሿ እሽግ ለየብቻ ይዞ መቀመጫ ላይ መቀላቀል ከክርክር ያድናል። በአሜሪካ ፍተሻ የበረዶ እሽግ የሚያልፈው ድንጋይ ሆኖ የረጋ ከሆነ ነው፤ ግማሹ ከቀለጠ እንደ ፈሳሽ ይታያል። ድንበር የሚያሻግር በረራ ከሆነ የተረፈው ዶሮ ከመውረድ በፊት ይጣል። የአውሮፓ ኅብረት ከውጭ የሚመጣ መንገደኛ ሥጋና የወተት ውጤት ይዞ እንዲገባ አይፈቅድም፤ አሜሪካም ከብዙ አገሮች የሚመጣ የዶሮ ሥጋ ስለማታስገባ ማንኛውንም ምግብ ማስመዝገብ ግዴታ ነው።

በሰሜን አሜሪካ ያሉ ኢትዮጵያውያን ትልቁ የውጪ ቀናቸው የጁላይ መጀመሪያ ሳምንት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1984 የተመሠረተው የስፖርት ፌዴሬሽናቸው ዓመታዊ ውድድር የሚካሄደው በአሜሪካ የነፃነት ቀን አካባቢ ነውና። ቀኑ በእኛ ሰኔ 27 ነው፤ የሐዋርያት ጾም ደግሞ የሚፈታው ሐምሌ 5። ስለዚህ በየዓመቱ ያ ሽርሽር ከጾሙ ጋር ይገጣጠማል፤ በቡድኑ ውስጥ የሚጾም ሰው መኖሩ አይቀርም። ለእነሱ የተቀቀለ ሽምብራ ግማሹን በሹካ ጨፍልቆ፣ ሰናፍጭ በዘይትና በሎሚ በጥብጦ ማዘጋጀት ከባድ አይደለም። ከዶሮው ቀድሞ፣ በሌላ ማንኪያና በሌላ ሳህን ይሠራ። የተቀቀለ ሽምብራም ሙቀት ላይ ከዋለ ይበላሻልና በረዶው ለእሱም ነው።

ስንሄድ ሰላጣውን በአንድ ትልቅ ሳህን ከመያዝ በሁለት ትንንሽ ክዳን ባላቸው ዕቃዎች መከፋፈል የተሻለ ነው። አንዱ ይከፈታል፤ ሁለተኛው በረዶው መካከል ይቆያል። ምግብ መጣል ለእኛ ከባድ ነገር ነው፤ የቀረችውን ጉርሻ እንኳ አንስቶ ማስቀመጥ እንወዳለን። በጠረጴዛው ላይ ከ2 ሰዓት በላይ የቆየው ግን ቤት ተመልሶ ፍሪጅ መግባት የለበትም። ያልተከፈተው ዕቃ ጠርሙሶቹ ቤት ሲደረስ ገና በረዶ ካለባቸውና ዳሰስ ሲደረግ ብርድ ብርድ ካለ ፍሪጅ ይግባ፤ የተቀቀለ ዶሮ ፍሪጅ ውስጥ ከ3 እስከ 4 ቀን ስለሚቆይ ከተቀቀለበት ቀን ጀምሮ ይቆጠርለት።